ክብርት ወይዘሮ እጅ ይታይ

ሙሉ ማዕረጓ ክብርት ወይዘሮ እጅ ይታይ ነው፤ ማዕረጉን ያጸደቁላት የሕንጻችን ነዋሪዎች ናቸው። ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ መንገዴን ዘግታ ያዘችኝ። ወደዚህ ሕንጻ ከገባሁ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ አምልጫት ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ሌላው ሕዝብ የሚጨብጠው ሰላም ለማለት ነው፤ እነዚህ ግን ለመመርመር ነው። የእኛዋ ከሕንጻው ሥር የሴቶች ጸጉር ቤት አላት። ችፌ ከልጅነቷ አብሯት ያደገ በመሆኑ፣ ከሥራ የተረፈ ዕድሜዋን የሰውን እጅ ለማዳን ሰጥታዋለች።

ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ዕለት እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች፤ እያለቀሰችም መዳፏን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «እህቴ፣ ሽቶ ባለው ሳሙና ነው እንዴ የምትታጠቢው?» አለቻት። የውኃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሠራተኛ ቆጣሪው ዘንድ ሳይደርስ እጁ ተነብቦ፣ ከጎማው ጓንት ሥር የጥጥ ጓንት ለብሶ ተሸኝቷል። የሦስተኛ ፎቁን ሙሽራ በተጋባ በሳምንቱ ቀለበቱን አስወልቃዋለች፤ ሳሙና ከቀለበት ሥር ተደብቆ ቆዳ ይበላል ባይ ናት። የሙሽራው አማት እስካሁን ሰላም አትላትም። ባንክ በር ላይ ቦርሳዋን የፈተሸው ጥበቃ ስድስት ቆርቆሮ ቫዝሊን አግኝቶ ልትሸጪ ነው ወይ ቢላት፣ መልስ በመስጠት ፈንታ እጁን ተቀብላ ቀባችው።

ትምህርቷ አጭር ነው፤ ትምህርት አጭር መሆን እንዳለበት ስለማምን አልነቅፍባትም። «ለብ ባለ ውኃ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና። ጣትና ጣት መሃል አድርቅ። እርጥበቱ ሳይጠፋ ቀባ።» ይህን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ታስጠናለች።

ከእሷ የምሸሸው ትምህርቷን ንቄ አልነበረም፤ በእጄ አፍሬ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ የጣቶቼ መሃል ቀልቶ ተሰነጣጠቀ፤ ማሳከኩም እንቅልፍ የሚነሣ ሆነ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «የተሰነጠቀ እጅ የስንፍና ምስክር ነው» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ባስተማርኩት መሠረት ራሴን ቀጣሁ፤ በቀን ስድስት ጊዜ በሙቅ ውኃና በልብስ ሳሙና ፈተግሁት። በባሰበት ቁጥር ፍተጋውን ጨመርኩ። በጠራራ ፀሐይ የሱፍ ጓንት አጥልቄ ስወጣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቁርጥማት ነው እል ነበር። ዋሽቻለሁ።

ከዚህ የከፋም አለ። ልጄ ከወለደች ሁለት ወር አልፏታል፤ የልጅ ልጄን ግን አንድ ቀን አላቀፍኳትም። ይጋባባታል ብዬ ፈራሁ፤ ልጄ እጄን ታያለች ብዬ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። በሄድኩ ቁጥር ጉንፋን ይዞኛል እያልኩ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሁለት ወር የማይለቅ ጉንፋን የለም፤ ልጄም ሞኝ አይደለችም። ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው እሑድ፣ «አባባ፣ ሴት ስለሆነች ነው?» አለችኝ። ጉንፋኑ ብሶብኛል ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ክብርትነቷ ደረጃው ላይ የቆመችው በዚህ መካከል ነው።

«እጅ ይታይ፣ መምህር።»

እቸኩላለሁ አልኳት። ጡረተኛ ወዴት እንደሚቸኩል ጠየቀችኝ፤ እሱን ሳስብ ጓንቴን ጣት በጣት አወለቀችው። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«በልብስ ሳሙና ነው አይደል? በቀን ስንቴ?»

«ስድስት ጊዜ።»

«ያኔ እንኳ ሦስት ጊዜ ነበር» አለች።

ያወቅኋት ያን ጊዜ ነው። «እጅ ይታይ» የእኔ ቃል ነበር፤ በየጠዋቱ ክፍል በር ላይ ቆሜ የተማሪዎቼን እጅ ስፈትሽ የምለው። ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ እጇ ዘወትር ቀይና ቅርፊታም ነበር። ቆሻሻ መሰለኝ። ሰልፉ ሁሉ እያየ፣ በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥባ እንድትመጣ ወደ ቧንቧው እመልሳት ነበር። እጇ ደምቶ ስትመለስ፣ «አሁን ገና ጸዳ» ብያታለሁ። ብዙ ዓረፍተ ነገር አርሜያለሁ፤ ይህኛው ግን ማረሚያ የለውም።

እጄን ይዛ ወደ ጸጉር ቤቷ አወረደችኝ። ጸጉራቸውን የተጠቀለሉ ሴቶች እያዩኝ፣ ለብ ባለ ውኃ አጠበችኝ፤ በፎጣ ሳትፈትግ፣ ጫን ጫን እያደረገች የጣቶቼን መሃል አደረቀች።

«ልጄ፣ ያኔ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቅባቱ ነው እርጥበቱ ሳይጠፋ የሚፈለገው፤ ይቅርታው ይደርሳል።»

በእኔ ቃል ለምን እንደምትጠራን ጠየቅኋት። ቃሉ ደኅና እንደነበር፣ የተበላሸው ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው እንደሆነ ነገረችኝ። ይጋባል ወይ ስላትም ሳቀች።

«ቢጋባማ ኖሮ ጸጉሩን ያጠብኩት ሕዝብ ሁሉ ራሱን ሲያክ በኖረ ነበር።» ቀጥላም በሁለት ሳምንት ካልተሻለኝ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ አዘዘችኝ፤ እሷ ቫዝሊን እንጂ ዲግሪ የላትም።

ይቅርታዬን የሰማችኝ ከቀባችኝ በኋላ ነው። ቆርቆሮውን እየከደነች፣ «እሺ መምህር፣ ነገም ይምጡ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሰልፍ እይዛለሁ። ካላየችኝ ቀኑ የጎደለ ይመስለኛል፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን አልክደውም።

ክብርት ወይዘሮ እጅ ይታይ እስከ ዛሬ ከሕንጻችን አሥራ ሁለት ሰዎች የጣታቸውን መሃል እንዲያደርቁ አስተምራለች። አሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ጓንቴን አውልቄ እጄን ለልጄ አሳየኋት፤ የልጅ ልጄንም አቀፍኳት።