የጨው ማኅበሩ ድር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ በዚህኛው ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለው ጨው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ትልቅ ጫካ ውስጥ እንስሳቱ ሁሉ የሚልሱት አንድ የጨው ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱን የሚያስተዳድረው የጨው ማኅበር ሲሆን ሊቀመንበሩ፣ መቼም ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝም፣ አያ አንበሶ ነበሩ። በደንቡ መሠረት ግልገል ብቻውን ጨው አይወርድም፤ ማኅበሩ አጃቢ ይመድብለታል፣ አጃቢውም ዋስ ይጠራል። ወላጅ ተከትሎ መውረድ ክልክል ነው፤ ግርግር ይፈጥራላ!

እመት ሚዳቋ ሴት ልጇን አንጓችን እንደ ደንቡ ሰደደቻት። አንጓች ሄደች፤ አልተመለሰችም። እናት ስትጠብቅ ውላ ስትጠብቅ አደረች፤ ሲነጋ ወደ ማኅበሩ ሮጠች።

ማን ጨው እንደወረደ በጠጠር የሚመዘግቡት ጋሽ ኤሊ ነበሩ። ጠጠራቸውን አገላብጠው «ልጅሽ ወርዳለች» አሏት።

«መውረዷንማ እኔም አውቃለሁ! መመለሷን ነው የምጠይቅዎት።»

«መመለስ የእኔ ክፍል አይደለም፣ ልጄ።»

አጃቢ የምትመድበው እንኮዬ ጦጢት ደግሞ የምትመዘግበው በሾላ ፍሬ ነው። «አጃቢማ ተመድቦላታል» አለች፣ ከመዝገቡ አንዱን እየቆረጠመች። «ግን የእኔ ፍሬና የጋሽ ኤሊ ጠጠር አይተዋወቁም። የትኛው አጃቢ የትኛዋን ልጅ ይዞ እንደወረደ በምን ልወቅ?» የዋሶች ኃላፊ ብላታ ዝንጀሮ በልጥ ቋጠሮ ነበር የሚሠሩት። «እኔ ጠጠር አላነብም፣ ሾላም አላነብም። ነገ ተመለሺ» አሏት። ተመለሰች። ከነገ ወዲያም ተመለሰች። ብላታ ግን ነገ ከማለት አልደከሙም።

ሚዳቋ ማልቀሻ ጊዜም አልነበራትም፤ የታናሹ የማንያህል የጨው ተራ እየደረሰ ነበር። እህቱን ማን እንዳስቀራት ሳታውቅ ልጇን ለማን ትስጠው? አልሰድም እንዳትል፣ ተራውን ያሳለፈ ቤተሰብ እስከ ወዲያኛው ከጨው ይሰረዛል።

በዚህ መሃል አያ አንበሶ ጎረቤት ጫካን ጎብኝተው ተመለሱ። ጎብኝቶ የተመለሰ አለቃ አያድርስባችሁ! «ሰው አገር የሚሠራው በድር ነው!» ብለው ጮኹ። «እኛ እስከ መቼ በጠጠር?»

እመት ሸረሪት ተጠራች። «ጠጠሩም ፍሬውም ቋጠሮውም ባሉበት ይሁኑ» አለች። «የጎደለው በመሃላቸው ያለው ክር ነው። ማን ወረደ፣ ማን አጀበው፣ ለአጃቢው ማን ዋስ ሆነ፣ ለዋሱስ ዋሱ ማን ነው? ሁሉንም አያይዤ የክሩን ጫፍ በየመቀመጫችሁ አስራለሁ። አንዱን ስትነኩ የሚመለከተው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።»

«ግሩም!» አሉ አያ አንበሶ፤ አልገባቸውም ነበር።

ሸረሪት መቼም ይሉኝታ አታውቅም፤ የነገሯትን ሁሉ አያያዘችው። ድሩ ከሸንጎው ዋርካ ላይ ተዘረጋና የምረቃው ቀን ከበሮ ተመታ። ስለ ድር ረጅሙን ንግግር ያደረጉት፣ እንደተለመደው፣ ስለ ድር ምንም የማያውቁት ብላታ ዝንጀሮ ነበሩ። ቀጥሎ አህያ በደስታ ብድግ አለና «አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስ…» ብሎ ክው አለ።

«አንበሳ ምን?» አሉ አያ አንበሶ።

«ያስ… ያስደስታል፣ ጌታዬ!»

ተጨበጨበለት። ከዚያ «እስቲ አንዱ ይሞክረው» ተባለ። ሌላው ጭብጨባውን ሳይጨርስ ሚዳቋ ወደ ፊት ወጣች። «የልጄን፣ የአንጓችን ክር ንኪልኝ» አለች።

ሸረሪት ነካችው። የቀበሮ መቀመጫ ተንቀጠቀጠ፤ አጃቢዋ እሱ ነበር። ከቀበሮ ክሩ ወደ ዋሱ ሄደና አያ ጅቦ ከነመቀመጫው ተርገፈገፈ። «ኧረ የእኔንም ልጅ ንኪልኝ!» አለች ፍየል፤ ጨው ወርዳ የቀረች ልጅ ነበረቻት። አጃቢው ሌላ ነው፤ ዋሱ ግን አያ ጅቦ። የጥንቸልም ልጅ፣ አጃቢው ሌላ፣ ዋሱ አያ ጅቦ።

«ለአያ ጅቦስ ዋሱ ማን ነው?» አለች ሚዳቋ።

ክሩ በጉባኤው ራስ ላይ አልፎ ሽቅብ ወጣና የአያ አንበሶን ወንበር አንቀጠቀጠው። አያ ጅቦ ለአያ አንበሶ ቤት በየበዓሉ ለስላሳ ሥጋ እንደሚልክ የማያውቅ አልነበረም። ከየት እንደሚያመጣው ነበር የማይጠየቀው።

ብላታ ዝንጀሮ መቼም ለዚህ ለዚህ ነው የተፈጠሩት። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ወገኖቼ፣ ድሩ ታሟል!» አሉ። «ግንኙነት በዝቶበታል። የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ሰብሳቢውም በነገሩ ልምድ ያለው አያ ጅቦ ይሁን።»

ኮሚቴው ምሳውን በልቶ ውሳኔውን አሰማ። ድሩ ውብ ነውና ይቆይ፤ ነገር የሚያገናኙት ክሮች ግን ለሰላም ሲባል ይቆረጡ።

«ክር የሌለው ድር ምኑ ድር ነው?» አለች ሸረሪት።

«ጨዋ ድር ነዋ!» አሏት ብላታ።

አያ አንበሶም የእናት ኀዘን እንደሚሰማቸው ገልጸው፣ ለማካካሻ ማንያህልን ራሱ አያ ጅቦ እንዲያጅበው ፈቀዱ። አያ ጅቦም እጅ ነሳ። ሸንጎው አጨበጨበ። የአህያ አማች አጃቢ ነው፣ የከርከሮ ወንድም ዋስ ነው፤ ማን እጁን ይሰብስብ? ሚዳቋ ዞር ብላ ስታይ ፍየልም እያለቀሰች ታጨበጭባለች።

ሚዳቋ የዚያኑ ዕለት ማንያህልን ከፊቷ አስቀድማ ጫካውን ለቀቀች። ፍየል ዳር ድረስ እየሮጠች ደረሰችባት።

«እብድ ነሽ እንዴ? ያለ ጨው እንዴት ልትኖሩ ነው?»

«አልጫ ሆኖ መኖር ወጥ ሆኖ ከመቅረብ ይሻላል።»

«ትንሽ ብትታገሺስ? ይኸው ድሩም መጣ፣ ቢያንስ እውነቱን አወቅን እኮ!»

ሚዳቋ ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ መንገዱን አስቀጠለችውና፣ «አወቅን፣ እህቴ» አለች። «ድሮ የሚበሉን ሳናውቅ ነበር። አሁን አውቀን ነው፤ ያውም አጨብጭበን።»