የእድራችን ድንኳን

እናንተ ሰፈር ድንኳን ሲተከል ሰው ምን ያደርጋል? እኛ አራዳዎች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ዘው እንላለን፤ ማን እንደሞተ የምንጠይቀው ከተቀመጥን በኋላ ነው።

አምና ጤና ጣቢያው ለጡት ካንሰር ምርመራ ብሎ የእድራችንን ድንኳን ተዋሰ። ሰብሳቢያችን እትዬ አስካለ ቀድመው ገቡና ነርሷን "እግዜር ያጽናሽ ልጄ" ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኛም ተከተልን። ጉድ በሉ፣ አንዷ ማልቀስ ሁሉ ጀምራ ነበር!

"እማማ፣ የሞተ ሰው የለም። ጡት ልንመረምር ነው፤ አስር ደቂቃ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል" አለች ነርሷ።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። "ምንም ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ? ደግሞ ሥራ አለብኝ!"

ሁላችንም ሥራ በዛብን። እኔ እንኳ ሽሮ ጥጄ መምጣቴ ትዝ አለኝ፤ እውነት ጥጄ እንደሆን ግን አትጠይቁኝ። ነርሷ ባዶ አግዳሚ ታቅፋ ቀረች።

ዘንድሮ ያው ድንኳን ለእትዬ አስካለ ተተከለ። የጡታቸው እብጠት ያኔም እንደነበረ፣ እሳቸውም ያውቁት እንደነበረ ልጃቸው እያለቀሰች ነገረችን።

ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጥን። ሥራ አለብኝ ያለች አንዲት ሴት አልነበረችም።