የማቴዎስ ደም የቆመ ዕለት

እኛ የሚዛን ከተማ ሰዎች «ተጠንቀቅ» የምትለዋን ቃል እንደ ሰላምታ ነው የምንጠቀምባት። ዝናቡ አይለቀንም፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ ባጃጁ ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅም፤ ስለዚህ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሁሉ «ተጠንቀቅ» ይባላል፣ እሱም «እሺ» ብሎ ሳይጠነቀቅ ይሄዳል። እናንተም ዘንድ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። መካሪውም ተመካሪውም የምራቸውን አይደሉም።

ከጎረቤቴ ከማቴዎስ በቀር።

ማቴዎስ አጠገባችን ባለችው አማን ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ነው። ከውልደቱ ጀምሮ ሂሞፊሊያ የሚባል በሽታ አለበት፤ ደሙ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ እንደ እኔና እንደ እናንተ ደም አይረጋም። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ፣ ጥርሱን ተነቅሎ መጥቶ ሲደማ ሰንብቶ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ እናታቸው እትዬ ዘነበች ስለት ያለውን ነገር ሁሉ ደበቁ። ሰዉ ሁሉ ገጀራውን ይዞ የቡናውን ሥር ሲመነጥር፣ ማቴዎስ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያያል።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ የሚከታተለው ሐኪም ጉድ የሆነ ነገር ነገረው። ሰውነቱ ደም የሚያረጋውን ነገር የማይሠራው የአሠራሩ መመሪያ፣ ጂን የሚሉት፣ ስለተበላሸ ነው፤ አሁን ግን ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ጤነኛውን መመሪያ በተገራ ቫይረስ አሸክመው፣ ያ ነገር ወደሚሠራበት ወደ ጉበት መላክ ችለዋል። ለሙከራው ፈቃደኛ ሕሙማን ይፈልጋሉ፣ ወጪውንም ይችላሉ።

ቤት መጥቶ ይህን ሲነግራቸው እትዬ ዘነበች ብድግ አሉ።

«ሰው ከቫይረስ ይሸሻል እንጂ ባሕር ተሻግሮ ሊወጋው ይሄዳል? አንዱን ቀብሬያለሁ እኮ፣ ማቲ!»

«እኔም እኮ እማዬ፣ በረንዳ ላይ ተቀብሬ ነው ያለሁት።»

በመጨረሻ ሻንጣውን ያዘጋጁለት ራሳቸው ናቸው።

ከወራት በኋላ መርፌውን ተወግቶ ተመለሰ። ሐኪሞቹ «ደምህ መርጋት ጀምሯል» ብለውታል። ለዓመታት ውስጥ ለውስጥ ሲደማ የተጎዳው ጉልበቱ ግን ያው ያነክሳል፤ ለዚያ መርፌው አልደረሰለትም። እናቱም ቢላዋቸውን ከተደበቀበት አላወጡም። የሐኪም ቃል ማመን ሌላ፣ ልጅን ከስለት ጋር ማመን ሌላ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ወዳለው የቡና ማሳቸው ማቴዎስ፣ እናቱና እኔ አብረን ወረድን። ማቴዎስ ማንንም ሳያስፈቅድ ከግንድ ላይ ገጀራ አነሣና መመንጠር ጀመረ። ብታዩት ታዝኑ ነበር፤ ሣሩን ሳይሆን አየሩን ነበር የሚቆርጠው። ትንሽ ቆይቶ ገጀራው ከሥር ጋር ተጋጭቶ ነጠረና የግራ እጁን ሰነጠቀው።

እትዬ ዘነበች «ልጄን!» ብለው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። እኔ በሻርፔ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ ሦስታችንም ያቺ ጨርቅ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። ደሙ ጨርቁን አራሰ። ሰፋ። ከዚያ ወዲያ ግን አልሰፋም። ጠበቅን፤ አሁንም አልሰፋም። ቀስ ብዬ ስፈታው ቁስሉ አፉን ገጥሟል።

እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው አዩት። ደግመው አዩት። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት! ከአጎራባች ማሳ ሰዎች እየሮጡ መጡ።

«ምን ተገኘ እትዬ? ማን ወለደ?»

«ልጄ እጁን ተቆረጠ!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ፈራ ተባ እያለች «ውሃ ይጠጡ ይሆን?» አለቻቸው። ማቴዎስ የደማ እጁን ከፍ አድርጎ ሳቀ፤ እንባው ግን ከሳቁ ቀድሞ ወርዶ ነበር።

ደስታው በዚያ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! የማቴዎስ እህት ልጅም፣ ገና ዳዴ የሚለው፣ ያው በሽታ አለበት። ምርምሩ ግን አልቆ መድኃኒቱ ገበያ ወጥቷል፤ እንደ ማቴዎስ በነጻ መወጋት ቀርቷል። ማቴዎስ ሐኪሙ ጋ ደወለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሐኪሙ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ዋጋውን ነገረን። እኔ አልጽፈውም። «በብር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። በዶላር ነው። የሰፈራችን ቡና ከነመሬቱ ቢሸጥ ለመርፌው ጫፍ አይበቃም።

ንዴቴ መጣ። «ታዲያ ለማን ብለው ነው የሠሩት?» አልኩ።

«ለማቲ ነዋ!» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ምን የዋህ ነህ በሚል ዓይን እያዩኝ። «አሁን ደግሞ ለልጅ ልጄ ያድርስልኝ።»

ሐኪሙ ከስልኩ ውስጥ «አሜን» አለ።