የተባዛው መርዶ

ያልተባዛ ነገር ሁሉ የጠፋ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጌታሁን ይባላል፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያና የሰፈሬ ሰው ነው። «ክላውድ ማለት» ይለኛል፣ «አንዱ መረጃ በብዙ ማሽን ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። አንዱ ማሽን ቢበላሽ ሌላው ይሰጥሃል። ሥራውንም እጁ ባዶ የሆነው ማሽን ይቀበለዋል፤ ተራ ጥበቃ የለም።» መልካም። ግን ይህን ሕግ ከቢሮ አውጥቼ ሰፈር ውስጥ ካልተከልሁት ማለት ምን የሚሉት በሽታ ነው? የሠርጉን ጥሪ እንኳ ለገዛ ሙሽሪቱ ሳይቀር በሦስት መንገድ ልኳል።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የወይዘሮ ብርቄ ወንድም ይፋግ ላይ ዐረፈ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በማግስቱ ማለዳ ሄደን እናርዳቸው ብለው ተቀጣጠሩ። ጌታሁን ግን መልእክት በአንድ መንገድ ብቻ አይታመንም ብሎ፣ ያንኑ ማታ ስልኩ ላይ ባሉት የቴሌግራም ቡድኖች ሁሉ መርዶውን በተነው። አንደኛው የእድራችን ቡድን ነበር። ወይዘሮ ብርቄም የእድሩ አባል ናቸው።

ማለዳ እኔና ጌታሁን ከሽማግሌዎቹ ጋር ጋቢያችንን ለብሰን ስንገባ ወይዘሮ ብርቄ ስልካቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ካሴ፣ ደነገጡ።

«ብርቄ፣ ሰምተሻል እንዴ?»

«ስልኩማ ነግሮኛል፤ ስልክ ግን አያረዳም። አንቱ ይንገሩኝ ብዬ ነው የጠበቅሁ።»

አያ ካሴ ነገሯቸው። የወይዘሮ ብርቄ እንባ ገና ያኔ ወረደ።

ጌታሁን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ደርሷቸው ነበር እኮ» አለኝ።

አዎ፣ ከማታ ጀምሮ ደርሷቸው ነበር። ብቻቸውን።