የብዙነሽ ጠረን

ትናንት ቀትር ላይ ሻንካ ማንጎ ሥር ጋደም ባለበት ሕልም አየ። ሻንካ አርባ ምንጭ አጠገብ ባሉት የማንጎ እርሻዎች የዝንብ ወጥመድ የሚሰቅል ሰው ነው። ወጥመዱ ውስጥ ያለው ሽታ ወንዱን ዝንብ ሴት የጠራችው ያህል ይስበዋል፤ ይገባል፣ አይወጣም። ሚስቱ ብዙነሽ ግን ሰሞኑን እህቷ ቤት ናት። «ዝንብን በምን እንደሚጠሩት ታውቃለህ፤ እኔ አጠገብህ ስቆም ግን ዘወር ብለህም አታየኝም» ብላው ነበር የሄደችው።

በሕልሙ ዝንቦቹ ሰው አክለው፣ ሰዎቹ ዝንብ አክለው ነበር። ዝንቦቹ በየቅርንጫፉ የወጥመድ ጣሳ ይሰቅላሉ። ከየጣሳው የአንዲት ሚስት ጠረን ይወጣል። ባሎች ከሥር ተሰልፈው አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስረዋል።

የአገሩ ተወላጅ የሆነች አሮጊት ዝንብ ነጠላዋን አጣፍታ ጠጋ አለችው።

«ልጄ፣ አንተ የማን ነህ?»

«የብዙነሽ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ቶሎ ፈልጋት። መጤዎቹ ዝንቦች ከመጡ ወዲህ ጠረኑ ሁሉ ተደበላልቆብናል። የእኔም ሽማግሌ እኔ የጠራሁት መስሎት ሌላዋን ተከትሎ ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ እጠራዋለሁ።»

ይህን ስትናገር ከባሕር ማዶ የመጣ የሚያብረቀርቅ ጣሳ ተሰቀለ። ጠረኑ አገሩን አናወጠው። ባሎቹ ሰልፋቸውን ጥለው ወደዚያው ጎረፉ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ከፊት ይሮጣል። የሻንካም እግር ሳያዘው መሄድ ጀመረ።

አሮጊቷ እጅጌውን ያዝ አደረገችው። «ጮክ ብሎ የጠራህ ሁሉ የአንተ አይደለም።»

ቆመ። ከዚያ ከጣሳ ጣሳ እየዞረ አሸተተ። የትኛውንም አላወቀውም። ከዚህች ሴት ጋር ስንት ዘመን ኖሮ ጠረኗን አለማወቁ አስለቀሰው። አንዱ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ግን የዛገች ጣሳ አገኘ። የልብስ ሳሙና፣ ያልደረቀ ፀጉር፣ ትንሽም ቁጣ ሸተተው።

«እሷ ናት» አለ።

«ከገባህ መውጫ የለውም እኮ።»

«አውቃለሁ እማማ፤ ወጥመዱን የምሰቅለው እኔ ነኝ።»

ገባ። አሮጊቷም እልል እያለች ከደነችበት።

ሲነቃ ለወጥመድ የሚጨምረው ሽታ ያለበት የኪሱ ጠርሙስ ተገልብጦ ፈሳሹ ሸሚዙን አርሶታል። ደረቱን፣ ፀጉሩን፣ ቅንድቡን ሳይቀር ወንድ ዝንቦች ወረውታል፤ የአገሩም መጤውም ሳይጣሉ ይስሙታል። ብዙነሽ ምሳ ዕቃ ይዛ ፈንጠር ብላ ቆማለች። ሊያሸታት ሞከረ፤ አፍንጫው ከጠርሙሱ ሽታ በቀር አንዳች አልለይ አለው።

«ብዙዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሳቋን እየታገለች። «ልታረቅህ ብዬ ነበር የመጣሁት። ከእኔ ሌላ የሚፈልግህ ያለ አልመሰለኝም።»

ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ በሻርፗ ዝንቦቹን ታባርርለት ጀመር።