ሥር ነቃዩ ጎረቤቴ

ሥር ነቃይ ተመራማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ አንዱን ጎረቤት አድርጌ እኖራለሁ። ቁጥቋጦ ካየ ሰላምታም አይመልስ!

የሰፈራችን መሪጌታ ቁስል የሚያደርቁባትን፣ በአካባቢው አንዲት የቀረችውን ተክል ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ሲያሳዩት፣ «ከጎኗ ቆንጥር እንጂ ዋናውን ሥር እንዳትነካ» ብለውት ነበር። እሱ ግን ናሙናው እንዳያንሰው ነቅሎ ወሰዳት። አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ዘፍዝፎ ጭማቂዋን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተህዋሲያን ላይ ቢያንጠባጥበው ድራሻቸው ጠፋ። እኛም አጨበጨብንለት።

ክረምት ላይ የመሪጌታ እግር አመረቀዘ። «ልጄ፣ ከዚያች ሥር ትንሽ ስጠኝ» አሉት።

«አልቃለች መሪጌታ፤ ውጤቷ ግን ግሩም ነው» አላቸው።

ብዙም ሳይሰነብቱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ አንገቱን ደፍቶ ከጎኔ ቆመ። አዝኖ መስሎኝ ላጽናናው ስል፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ወደበቀለች ቁጥቋጦ በአገጩ እየጠቆመ፣ «የዚህችስ ሥር?» አለኝ።