ማግኔት የጠጣች ጤና አዳም

አትክልት የሚያሳድግ ሰው ሁሉ፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ትንሽ ትንሽ ሟርተኛ ነው። ቅጠሉ ሲለመልም «እጄ ይቀናዋል» ይላል። ሲጠወልግ ደግሞ ጥፋቱ የሰው ዓይን ነው፣ የቧንቧው ውኃ ነው፣ ጎረቤት ያፈሰሰችው የሳሙና እጣቢ ነው። አንዲት የማውቃት ሴትዮ ውኃውን ቀድታ ሳታሳድር አበቦቿን አታጠጣም፤ «ድንጋጤው ይውጣለት» ትላለች። ውኃን ምን እንደሚያስደነግጠው ብጠይቃት፣ «ከገፈርሳ ድረስ በጨለማ ቱቦ ብትመጣ አንተስ አትደነግጥም?» አለችኝ።

እኔ ራሴ ስለ አትክልት ይኼ ነው የምለው አስተያየት የለኝም። ተክዬው የጸደቀልኝ ነገር ቢኖር ጺሜ ብቻ ነው። ግን ውኃና ጤና አዳም የአንድን ሰው ነፍስ በገመድ ላይ ሲያስኬዱ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ጊዜ ካላችሁ እሱን ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ጉለሌ፣ ከቁስቋም ቁልቁል፣ ታክሲ «ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ» የሚልበት አቀበት ላይ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ ወይንሸትና እናቷ እማማ ዘነበች ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። በኋላ የወይንሸት ታናሽ ወንድም ደረጀ ትምህርቱን ጨርሶ ከሶቪየት ኅብረት ሲመለስ አራት ሆንን። የተማረው ስለ ውኃ ነው። እማማ ይኼ ነገር አልዋጥላት ብሎ፣ «ውኃን ቀድቶ መጠጣት ነው እንጂ፣ ይህን ያህል ዓመት ምኑን ይማሩታል?» ትል ነበር።

ደረጀ «የሥራ ምደባ እስኪደርስህ ጠብቅ» ተባለ። ጠበቀ። መጠበቅ ደግሞ ለተማረ ሰው ክፉ በሽታ ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ የእኛው መነኩሴ ቀዶ የሚሰፋው ቆብ ሲያጣ ዓይኑን በሞተው ራዲዮዬ ላይ ጣለ።

«ጋሼ፣ ይኼ ራዲዮ ይሠራል?»

«ከአብዮቱ በፊት ይሠራ ነበር» አልኩት።

«እንግዲያውስ ማግኔቱን ልውሰደው።» ከዚያም አጠገቤ ተቀምጦ አስረዳኝ። ውኃ በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይለሰልሳል፤ ተክል በቀላሉ ይጠጣዋል። በተማረበት አገር በእርሻ ላይ ሳይቀር እንደሚሞክሩት ሰምቷል። «እኛስ ብንጠጣው እንለሰልሳለን?» ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም። ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ቶሎ እንደማይስቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከጓሯችን ጤና አዳም ሦስት ቅርንጫፍ ቆረጠና በሦስት የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተክሎ መስኮቱ ላይ ደረደራቸው። በጣሳዎቹ ላይ በቀይ ቀለም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ጻፈ። «ሀ» የቧንቧ ውኃ እንዲሁ እንደወረደ ይጠጣል። «ለ» ፈልቶ የቀዘቀዘ ይጠጣል። «ሐ» ግን ባለሟሉ ነው፤ ከጀሪካን በቀጭን የላስቲክ ቱቦ የሚወርድ፣ የራዲዮዬን ማግኔት ታክኮ የሚያልፍ ውኃ ይንጠባጠብለታል። ቱቦው እየጎበጠ ስላስቸገረው ከመስኮቱ እስከ ጣሪያው ክፈፍ ሽቦ ዘረጋና በሽቦው ላይ አሰረው። ይህችን ሽቦ አደራ ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

«ማንም እንዳይነካ» አለ ደረጀ። «ማንም ከነካ ሙከራው ሙከራ አይሆንም።» ይህን ሲል ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር። እማማ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሌላ ተመለከተች።

ሳምንታት አለፉ። ሀ እና ለ ቢጤዎች ሆነው ቀስ ብለው ሲያድጉ፣ ሐ ግን ተስፋፋች። ቅጠሏ ጠገበ፤ ሽታዋ ከበር ይቀበላችሁ ጀመር። የደረጀም ፊት አብሯት ለመለመ። ምግብ ይበላል፣ ይጫወታል፣ አንዳንዴ እንዲያውም ይስቃል። ወይንሸት ጓዳ ጠርታኝ፣ «ተወው፤ ምደባው እስኪመጣ ልቡን ይዞለታል» አለችኝ። እኔም ተውኩት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ተረት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያስታውሰው ግን ከተወሰደ በኋላ ነው።

አንድ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ሳንቀመጥ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆሙ።

«ደረጀ የሚባለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀበሌ ለጥያቄ ትፈለጋለህ።»

ለወጣቶች ልንገራችሁ፤ በዚያን ዘመን «ለጥያቄ» ማለት የዛሬው ዓይነት ጥያቄ አይደለም። ለጥያቄ ሄደው ለራት የተመለሱ ነበሩ፤ በዓመቱ የተመለሱ ነበሩ፤ እናቶቻቸው ዛሬም በር በር የሚያዩላቸውም አሉ። ማግኔቱን፣ ቱቦውን፣ ሽቦውንና ሦስቱን ጣሳዎች ሰብስበው ያዙ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ከመስኮት ወደ ጣሪያ የተዘረጋ ሽቦ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ራዲዮ፣ ከውጭ የመጣ ልጅ፤ አንድ ሰው ከመንገድ ቆሞ ደምሮታል። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ለማወቅም አልደከምንም፤ ከጎረቤት ጋር ገና ብዙ ዓመት መኖር ነበረብን።

ወይንሸት ወፍራሙን ካፖርቱን አምጥታ በግንቦት ሙቀት አለበሰችው። ለምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል፤ የቀበሌ እስር ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እማማ የልጇን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ይልቀቁት፤ እኛ የታዘዝነውን ነው» አላት። ለቀቀችው። እኔ ተከተልኳቸው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ሹመቱ የሜትሩን ጥብጣብ ከአንገቱ ሊያወርድለት አልቻለም፤ ስብሰባ ሲመራ እንኳ እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። ስንገባ ዕቃው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማግኔት ነው» አለ ደረጀ።

«ማግኔት መሆኑን አይቻለሁ። መቀሴን ይዞ አልለቅ ብሎኛል። ለምንድን ነው?»

«ለጤና አዳም።»

ደረጀ ያን ሁሉ ለእኔ የነገረኝን ለሊቀመንበሩም ነገረው። ስለ ሶቪየት ሲያወራ ሊቀመንበሩ ሳይወድ በግድ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ የወዳጅ አገር ሳይንስ ነውና «ውሸት ነው» ቢል ራሱን ያስጠይቀዋል፤ «እውነት ነው» ብሎ ቢለቅና ነገሩ ራዲዮ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ የባሰ ነው። ጥብጣቡን በጣቱ ጠቅልሎ ፈታ፣ ጠቅልሎ ፈታ።

«ጓድ» አለ በመጨረሻ፣ «እዚያ የሚሠራ ከሆነ እዚህም ይሠራል። ጣሳዎቹ እዚህ ቢሮ መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። በየጠዋቱ መጥተህ ማግኔቱን ከእኔ ተቀብለህ ዘብ እያየህ ታጠጣለህ። ክረምቱ ሲገባ እለካቸዋለሁ። የማግኔቷ በልጣ ከተገኘች ምስጋና ይገባሃል። ካልበለጠች ግን ሽቦው ለምን እንደ ነበር እንደገና እንነጋገራለን።»

እኔ ዋስ ሆኜ ፈረምኩና ይዤው ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ እማማ አቅፋው አለቀሰች፤ ወይንሸትም አለቀሰች። እኔም «ደግነቱ የሐ እድገት ያስተማምናል» ብዬ ላጽናና ሞከርኩ። ይህን ስትሰማ እማማ ለቅሶዋን አቋርጣ ደርቃ ቀረች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ወይንሸት።

«እኔ እንጃ ልጄ...» አለች እማማ። «ያ ብረት ቅጠሏን እንዳያደርቃት ሠጋሁና፣ ጧት ጧት ጠበል ጠብ ሳደርግላት ነበር።»

ደረጀ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስለ ሙከራው ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እንግዲያው ሐ እዚያ ባትበልጥስ?» አለኝ። ያን ዕለት እንደ ተማረ ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ አየሁት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ አልመኝላችሁም። ደረጀ በየጠዋቱ ካፖርቱን ይዞ ይወጣል፤ ዕለቱን ቢያስቀሩትስ ብሎ ነው። ተመልሶ እስኪመጣ ወይንሸት ሥራ አትገባም። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስለ ቅጠል አስባለሁ። እማማ ብቻ ነበረች ሥራ ያላት። ከቁስቋም ስትመለስ በቀበሌው በኩል ታልፋለች፤ ዘቡን «እንዴት አደርክ፣ እናትህ ደህና ናት?» ትለዋለች፤ ደክሟት ይመስል መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ነጠላዋ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አለች። ዘቡ እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነውና ወደ ሰማይ ያያል።

ክረምቱ በነጎድጓድ ሲጀምር ተጠራን። እማማና ወይንሸትም መጡ፤ ማን ይከለክላቸዋል። ሊቀመንበሩ ጥብጣቡን ከአንገቱ አወረደ። እንደ ሱሪ ለካቸው፤ ቁመት፣ ዙሪያ፣ እንደገና ቁመት። ሀን ለካ፣ ለን ለካ፣ ሐን ለካ። ግንባሩ ተቋጠረ። ሦስቱም እኩል ናቸው። ሦስቱም እንደ ሙሽራ ለምልመው፣ ከጣሳቸው ፈስሰው፣ አንዷ ከሌላዋ በጣት እንኳ አትበልጥም።

ወደ እማማ ዞር ብዬ፣ «ለሐ ብቻ አልነበረም እንዴ?» ብዬ ሹክ አልኳት።

«በመሠረተ ትምህርት ሁለቱም ሀ ነው የሚባሉት ብለው አስተምረውኛል» አለች እሷም በሹክሹክታ። «ቱቦው ከሌለበት የቱ ሀ እንደሆነ እንዴት ልወቅ? ለሁለቱ ሰጥቼ ደግሞ ያቺን መካከለኛዋን ብነሣት ግፍ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል ይሏችኋል ይኼ ነው። የወይንሸት እጅ ክንዴን ጨመቀኝ። ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ማግኔቱን አንሥቶ አገላበጠው።

«ይኼ ዕቃ» አለ፣ «አይሠራም።»

መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ራዲዮ የሚጠግን ሰው አስመጥቼም አሳይቼዋለሁ። ለራዲዮነት አይሆንም፤ ሽቦውም ከምንም ጋር አልተያያዘም ብሎኛል። አሁን ደግሞ እኔው በለካሁት ለአትክልትም አይሆንም። ለምንም በማይሆን ዕቃ አብዮት የሚያደናቅፍ ሰው አላየሁም። ሂድ፤ ዕቃህንም ውሰድ።»

እዚህ ላይ፣ ወገኖቼ፣ አንድ አስተዋይ ሰው እጅ ነሥቶ ይወጣል። ደረጀ ግን የተማረ ሰው ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አይሠራም ብሎ መደምደም እንኳ ያስቸግራል። ጊዜው ስላጠረ እንጂ በደንብ ቢሞከር—»

ወይንሸት ጫማዋን ጫማው ላይ አሳረፈች። እማማ ደግሞ ቀደም ብላ ቆመች። «አይሠራም ልጄ» አለችው ሊቀመንበሩን። «ገና ከጅምሩ ነግሬው ነበር። አይሠራም።»

«እርስዎ ያውቃሉ እማማ» አለ ሊቀመንበሩ፤ መቀሱንም ከማግኔቱ ላይ ታግሎ አላቀቀ። በዕድሜዬ ብዙ ጥሩ ቃል ሰምቻለሁ፤ «ተሹመሃል» ተብያለሁ፣ «እወድሃለሁ» ተብያለሁ። «አይሠራም» የምትለዋን ያህል ጣፋጭ ቃል ግን ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም።

ሦስቱን ጣሳዎች ተከፋፍለን ይዘን ወጣን። አቀበቱ ላይ ክርክሩ ተጀመረ። እማማ ጠበሉ ነው አለች፤ ሦስቱም ጠጥተው ሦስቱም አደጉ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ አለች። ወይንሸት ደግሞ ፀሐዩ ነው አለች፤ በእኛ መስኮት የጧት ፀሐይ የሚያገኘው የሐ ጥግ ብቻ ነበር፣ የቀበሌው መስኮት ግን ለሦስቱም ይበቃል። እኔ ሁለቱንም «እውነት ነው» አልኳቸው፤ ያን ዕለት ማንም ምንም ቢለኝ እውነት ነው ከማለት አልመለስም ነበር።

መንገድ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ወረደ። የሰኔ ዝናብ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ የሚገለበጥ። ሰው ሁሉ በየጣሪያው ሥር ሲሮጥ እኛ አራታችን አልሮጥንም። ውኃው ከፀጉራችን ወደ ጣሳዎቹ፣ ከጣሳዎቹ ወደ እጃችን ይወርዳል። ደረጀ ካፖርቱን አውልቆ እናቱን አለበሳትና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ስለ ዝናብ ውኃ አንድ ነገር ሊያስረዳን አፉን ከፈተ። እህቱ አየችው። መልሶ ዘጋውና ጉዟችንን ቀጠልን።